የቤንዚን ደብተር

የወር ደመወዝዎን በተቀበሉ ዕለት የቤት ኪራዩን፥ የእህሉን፥ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አንድ በአንድ ለይተው ያስቀምጡ ይሆናል። ጤፍ ሲሸምቱ ሚዛኑን አተኩረው ያያሉ፤ ሥጋ ሲገዙም አጥንቱ እንዳይበዛ ይከራከራሉ። ነገር ግን መኪና ካለዎ፥ ወይም የመሥሪያ ቤት መኪና የሚነዱ ከሆነ፥ «መኪናዎ በአንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?» ብዬ ብጠይቅዎ ምን ይመልሱልኛል? ብዙ ሰው «ደኅና ናት፤ ብዙም አትጠጣ» ይላል። «ብዙ» ማለት ግን ቁጥር አይደለም። ባለሱቁ ስኳሩን ሳይመዝን «ይህ ብዙ ነው» ብሎ ቢሰጠን ማን እሺ ብሎ ይቀበለዋል?

እኔ በብዙ ሰው እጅ የዞረች አንዲት አሮጌ መኪና አለችኝ። ለቤንዚን የማወጣው ገንዘብ ከቤት ኪራዩ ጋር ሊተካከል ሲቃረብ አንድ ትንሽ ደብተር ገዝቼ በመኪናዋ ውስጥ አኖርሁ። እንዴት እንደምሞላው ልንገርዎ፤ ምሥጢር የለውም፤ ከመደመር፥ ከመቀነስና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብም አይጠይቅም።

በመጀመሪያ የመቅጃው ቧንቧ በራሱ ቀጥ እስኪል ድረስ ሙሉ ያስሞሉ፤ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው የሚያሳየውንም ይጻፉ። ቁጥሩ 84,210 ነው እንበል። ከዚያ እንደ ልማድዎ ይንዱ። በሌላ ቀን እንደገና ሙሉ ሲያስሞሉ መቁጠሪያው 84,560 ቢያሳይና 35 ሊትር ቢገባ፥ 350 ኪሎ ሜትር በ35 ሊትር ተጉዘዋል፤ ይኸውም በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በአንድ ጊዜ ሒሳብ አይፍረዱ። በአንዱ ማደያ ቧንቧው ቀደም ብሎ ቀጥ ይላል፤ በሌላው ይዘገያል፤ መኪናዋ ዘንበል ብላ ቆማ እንደ ሆነም ልዩነት ይመጣል። ልዩነቱ 2 ሊትር ብቻ ቢሆን እንኳ ከ35 ሊትር ላይ 6 ከመቶ ያህል ነው። አምስት ጊዜ አስሞልተው ሊትሩንም ኪሎ ሜትሩንም በየረድፉ ደምረው ቢያካፍሉ ግን ያው 2 ሊትር ከ175 ሊትር ላይ ስለሚታሰብ ስሕተቱ ወደ 1 ከመቶ ገደማ ይወርዳል።

እንግዲህ ቤንዚኑ ወዴት ይሄዳል? የሚበልጠው ኃይል ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይባክናል፤ ጎማውን የሚያዞረው ከሢሶ ያነሰው ነው። ይህን እርስዎና እኔ ልንለውጠው አንችልም። የተረፈውን ግን የሚያዝዝበት እግራችን ነው። ነዳጅ መስጫውን ረግጠን ከተፈተለክን በኋላ፥ 200 ሜትር እንኳ ሳንሄድ በቀይ መብራት ፊት ፍሬን ስንይዝ፥ በቤንዚን የገዛነውን ፍጥነት በፍሬን ሸራ ላይ አቃጥለን ጣልነው ማለት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በዚህ መንገድ የፈሰሰ ቤንዚን ግን ተመልሶ አይለቀምም።

የነፋሱንም ነገር ያስቡ። መኪና በፈጠነች መጠን የሚገፋት ነፋስ ከፍጥነቱ አብልጦ ይበረታል። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስንወጣ ፍጥነታችን በሩብ ሲጨምር፥ የነፋሱ ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል። አሜሪካኖች በ1974 እ.ኤ.አ. በነዳጅ እጥረት ጊዜ በአገራቸው ሁሉ ከ55 ማይል፥ ማለት ከ88 ኪሎ ሜትር ያህል በላይ እንዳይነዳ የደነገጉት በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ፥ በ100 ፈንታ በ80 መንዳት የሚያዘገይዎ 12 ደቂቃ ብቻ ነው። በጣሪያው ላይ ያለ ሥራ የተቀመጠውን ፖርቶ መጋላ ያውርዱ፤ ነፋስ ይይዛል። ጎሚስታው ዘንድም በየጊዜው ጎራ ብለው የጎማዎን ነፋስ ያስለኩ፤ የላላ ጎማ ሞተሩን ያደክማል፤ እርሱም ራሱ ቶሎ ያልቃል።

አንድ ልማድ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ብዙ ሾፌሮች ከእንጦጦ ሲወርዱ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ ያደርጉታል። በድሮው የካርቡራተር ሞተር ጊዜ ይህ ጥቂት ያተርፍ ነበር ይባል ይሆናል። ነዳጅ በኤሌክትሪክ መሣሪያ በሚረጭባቸው ሞተሮች ግን መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ሆና እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሡ ቤንዚኑ ከነጭራሹ ይቋረጣል፤ ፎሌ ቢያደርጓት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣቷን ትቀጥላለች። ከዚህም በላይ በቁልቁለት የሞተሩ አጋዥነት ቀርቶ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድማ የባሰ ነው፤ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳሉ። ለሁለት ስኒ ቤንዚን ተብሎ ነፍስ አይያዝም።

ደብተሩ ከገንዘብም የበለጠ ነገር ሊያድን እንደሚችል ያወቅሁት በቤቴ ነው። የእኅቴ ልጅ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ለቤት ጉዳይ ይነዳት ነበር። በሊትር 10 ትሄድ የነበረችው ወደ 8 ስትወርድ፥ አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ጠርተው፥ «ልጄ፥ ይህ ጎረምሳ ቤንዚኑን እየቀዳ ይሸጥብሃል» አሉኝ። ልጁ በደጅ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ፊቱ ጠቆረ። «አባባ፥ ደብተሩ እስኪመሰክር ድረስ ይታገሡኝ» አልኋቸው። ሦስት ጊዜ እስካስሞላ ድረስ ቁልፉን ከእጄ ሳላወጣ ራሴ ብቻ ነዳሁ። ቁጥሩ ያው 8 ሆነ! መካኒኩ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ጎማዎቹን ሲያዞር፥ የኋላው የግራ ጎማ አልዞር አለ፤ ፍሬኑ አልለቅ ብሎ ሸራውን እየበላ ኖሯል። ከተበጀ በኋላ ወደ 10 ተመለሰች። ሽማግሌውም ልጁን ጠርተው ግንባሩን ሳሙት። ያለ ደብተሩ ልጁ በሐሜት ስሙ ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ እኛም ፍሬኑ በተበላሸ መኪና ቁልቁለት እንወርድ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ባለ ጥርጣሬ የሚታሙ ሾፌሮች ስንት ይሆኑ?

ቤንዚን ለአገርም ቀላል ነገር አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨመር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ የዚያ ወር ነውጥም የዘመኑን ታሪክ ከለወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ። ነዳጅ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለሆነም፥ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ተሰማ። የኤሌክትሪክ መኪና ያለውም ቢሆን ደብተሩን አይጣለው፤ ሊትር በነበረበት ኪሎ ዋት ሰዓት ብሎ ይጻፍ። ነፋሱ፥ ጎማውና የሾፌሩ እግር እንደ ሆኑ አልተለወጡም።

በመጨረሻ ይህን ትንሽ ሒሳብ ይዩልኝ። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፥ በሊትር 10 ከሆነ 100 ሊትር ይገዛል፤ በሊትር 11 ከሆነ 91 ሊትር ይበቃዋል። 9 ሊትር ምን ታደርጋለች ይሉ ይሆናል። በ12 ወር ሲባዛ ግን ከ100 ሊትር ያልፋል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ሜትር መሻሻል ብቻ፥ ዓመቱን ሙሉ ነድተው የአንድ ወሩን ቤንዚን አልከፈሉም ማለት ነው። የደመወዝ ጭማሪ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ፥ እርሳስና ደብተር ይዞ ወደ ማደያው መሄድ ሳይቀል አይቀርም።