መርዶ በሁለት እርምጃ ርቀት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ስለ ኮሮና ጊዜ ሲነሳ አብዛኞቻችን እንስቃለን። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እንዴት እንደተወደደ፣ ታክሲ ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ እንዴት እንዳስከፈለን፣ በክርን ሰላም ስንባባል እንዴት እንደምናስቅ እናወራለን። እኔም ክፍል ውስጥ እንደዚያው ነው የማወራው። አሁን ዘጠነኛ ክፍል የማስተምራቸው ልጆች ያኔ ገና ሕፃናት ስለነበሩ እንደ ተረት ነው የሚሰሙኝ። አንድ ነገር ግን ለማንም አውርቼ አላውቅም። የአጎቴ ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር ልጽፈው እጀምርና እተወዋለሁ። ዘንድሮ ልጨርሰው።

ለረሳችሁት ላስታውሳችሁ። የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። በመጋቢት መጨረሻ የአማራና የኦሮሚያ ክልሎች ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደውን የሕዝብ ትራንስፖርት አቆሙ። መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ እጅ መጨባበጥ ክልክል፣ ሲቆሙ ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅ ግዴታ ሆነ።

እኛ ሀና ማርያም ነን። ሀናን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ከእኛ ሰፈር ወደ ፉሪ ስትሄዱ የት ላይ አዲስ አበባ እንዳበቃ፣ የት ላይ ኦሮሚያ እንደጀመረ አትለዩም ነበር። ወተት ከዚያ ይመጣል፣ ቤት ኪራይ የተወደደበት ሰው ወደዚያ ይሄዳል። በዚያ መጋቢት ግን ድንበር የሚባለው ነገር ድንገት ከመሬት ወጣ። ገመድ ተወጠረ፣ ሚሊሻ ቆመ።

እማዬ የምትኖረው ሰበታ ነው፣ ከእህቴ ጋር። ያኔ 67 ዓመቷ ነበር፣ አስም አለባት። ከጀሞ ታክሲ ይዤ በየሳምንቱ የምሄድበት ቤት በአንድ ቀን ሩቅ አገር ሆነ። የምትስበው መድኃኒቷ ደግሞ ሰበታ አልተገኘም፣ እኔ ነበርኩ ከዚህ የምገዛላት። ስለዚህ አንድ መላ ዘየድን። የእህቴ ባል ባጃጅ ነው የሚነዳው። በውስጥ ለውስጥ መንገድ ፉሪ ድረስ ያመጣቸዋል፤ እኔ ከዚህ በእግሬ እሄዳለሁ። ኬላው አጠገብ፣ መንገድ ዳር፣ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ነበሩ። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነሱ ሆነ።

በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እዚያ እንገናኝ ነበር። መድኃኒቱን መሃል ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ እህቴ መጥታ ታነሳዋለች። እሷ ደግሞ እማዬ የሠራችውን አይብና ዳቦ አስቀምጣ ትመለሳለች፣ እኔ አነሳለሁ። ከዚያ ማስካችንን አድርገን እየጮህን እናወራለን። እማዬ ጮክ ብሎ ማውራት ነውር ነው ብላ ያሳደገችን ሴት ናት። እዚያ ግን የጎረቤት ሐሜት ሳይቀር አላፊ አግዳሚው እየሰማ ነበር የምታወራኝ።

አጎቴ አንድ ጊዜ አብሮኝ ሄዷል። ለዳግማይ ትንሣኤ ነው፣ ሚያዝያ 18። የእማዬ ታናሽ ነው፣ አዝላ ያሳደገችው። እኛ ሰፈር፣ ከቤታችን ሦስት ቤት አልፎ ነበር የሚኖረው። የትንሣኤን በዓል ሁላችንም በየቤታችን ተዘግተን፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እያየን ነበር ያሳለፍነው፤ እናም ናፍቋት ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ «እቴ፣ ያንቺ አገር ቪዛ ስንት ነው?» አላት። ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሁላችንም ደነገጥን። ሲመለስ «ጋቢህን ልበስ፣ ነፋስ ነው» ብላ ጮኸችበት። የ61 ዓመት ሰው ነበር። ለበሰው።

ግንቦት 18 ማክሰኞ ሌሊት አጎቴ ቤቱ ውስጥ አረፈ። የደም ግፊት ነበረበት፣ ሲተኛ ደህና ነበር። ያኔ ቤቱ ከሞተ ሰውም ናሙና ይወሰድ ነበር። በየዕለቱ ዶክተር ሊያ ታደሰ በሚያወጡት መግለጫ ላይ ከአስከሬን በተደረገ ምርመራ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው እየተባለ ይነገር እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ናሙናው ተወሰደ፣ ውጤቱን ጠብቁ ተባልን። በማግስቱ በጥቂት ሰው ቀበርነው። ድንኳን አልተተከለም። እድሩ ወንበር አላመጣም። ጎረቤት በየበሩ ቆሞ አለቀሰ።

አሁን ጥያቄው መጣ፦ እማዬን ማን ያርዳት?

መርዶ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው፤ ሰውየው ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ከሌላ ሳይሰማ። ብዙ ሆነው ይሄዳሉ። አንድ አንደበተ ርቱዕ ሽማግሌ ይናገራል፣ የቀሩት ይዘው ያለቅሳሉ። ደረቷን ስትደቃ እጇን የሚይዝ፣ ስትወድቅ የሚደግፍ፣ ውሃ የሚያቀርብ፣ ቀድሞ ለጎረቤት የሚነግር፣ ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው። ልጅ ሆኜ ወግ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባቶቻችን ግን ሰው ከባድ ነገር ሲሰማ ብቻውን እንዳይሆን ብለው የሠሩት ሥርዓት ነው። አዋጁ የከለከለው ደግሞ ልክ ያንን ነው፦ ብዙ ሰው፣ መነካካት፣ መያዝ።

ዘመድ በስልክ ሲከራከር ዋለ። ግማሹ «ይሄ ነገር እስኪያልፍ ይደበቅ» አለ። የአጎቴ ልጆች «በስልክ እንንገራት» አሉ። የእድራችን አንድ አዛውንት ናቸው ነገሩን የቆረጡት። «መርዶ በስልክ? ስልኩን ስትዘጋው ማን ይይዛታል?» አሉ። ሌላም ችግር ነበር። አንድ የሰፈር ልጅ የአጎቴን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ነበር፤ እህቴ ስልክ ላይ እስክታየው ሰዓታት ብቻ ናቸው የቀሩት። ለእህቴ ባል ነገርነውና ሐሙስ ንጋት፣ ግንቦት 20፣ ድንጋዮቹ ጋ እንገናኝ ተባለ። ለእማዬ መድኃኒት ላመጣ ነው ተባለላት። ከእኛ ወገን እኔና አዛውንቱ፣ ከእነሱ እማዬና እህቴ። አራት። የእህቴ ባል ባጃጁ ውስጥ ራቅ ብሎ ይጠብቃል። የናሙናው ውጤት ገና አልመጣም ነበር፤ አጎቴን ተሸክሜ ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት። የፉሪ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። እማዬ ከባጃጁ ስትወርድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ማንም ምንም አልነገራትም። እሑድ ባልሆነ ቀን፣ በበዓል ጠዋት፣ በጨለማ መጠራቷ በቂዋ ነበር። አዛውንቱ ያዘጋጁትን ንግግር ሳይጀምሩ «ማነው? ወንድሜ ነው አይደል?» አለች። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወደ እኔ መጣች። እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። ደግማ መጣች፣ ደግሜ ወደ ኋላ ሄድኩ። «እማዬ፣ ውጤቱ አልመጣም፣ አስም አለብሽ» እያልኩ። እህቴ ደርሳ ከኋላዋ እስክታቅፋት ድረስ። ያን ጠዋት ያደረግኩት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ። ትክክል መሆኑ ግን አያቀለውም። ልጅ ሆኜ እናቴ እያለቀሰች ወደ እኔ ስትመጣ ወደ ኋላ መራመድን እግሬ ዛሬም ድረስ አልረሳውም።

ወተት ይዘው ወደ ሀና የሚሄዱ የፉሪ ሴቶች ቆሙ። ነገሩን ሲረዱ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ማዶ ላይ ተራርቀው አብረዋት አለቀሱ። አንዷ በኦሮምኛ እያጽናናቻት ነበር። ሚሊሻው መጥቶ በዓይኑ ቆጠረን፣ «አራት ናችሁ፣ ችግር የለም» ብሎ ተመለሰ።

ውጤቱ አርብ ማታ መጣ፤ ነፃ። አጎቴን የገደለው ኮሮና አልነበረም።

በኋላ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። በዚያው ሰሞን ጀርመንና ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ፣ ኮንስታንዝና ክሮይትስሊንገን የሚባሉ የተያያዙ ከተሞች መሃል አጥር ተሠርቶ ነበር። ቤተሰብና ፍቅረኛሞች በአጥሩ ቀዳዳ እጅ ለእጅ ሲያያዙ ጊዜ፣ እንዳይነካኩ ሁለተኛ አጥር ራቅ ተደርጎ ተጨመረ። ሰዎቹ ግን ወንበር ይዘው እየመጡ ተቀምጠው ያወሩ ነበር። ፎቶውን ሳይ የእኛን ድንጋዮች አስታወሰኝ። ፈረንጅ በወንበር፣ እኛ በድንጋይ።

አዋጁ በዓመቱ መጨረሻ ሲያበቃ እማዬ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን መጥታ መቃብሩ ላይ ተቀመጠች። በወግ አለቀሰች፣ ሰውም ያዛት፣ እኔም ያዝኳት። ማታ ቡና እየጠጣን «እንኳን ያን ቀን ጠራችሁኝ» አለችኝ። መርዶውን መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የዳግማይ ትንሣኤውን እሑድ ነው ያለችው። «እዚያ ድንጋይ ላይ ባላየው፣ ፊቱን ሳላይ ነበር የሚቀረው። ጋቢውንም ሲለብስልኝ አየሁት።» እኔ እነዚያን እሑዶች ለመድኃኒት ስንል የምናደርጋቸው፣ ቤት የመግባት ምትክ የሆኑ ነገሮች አድርጌ ነበር የምቆጥራቸው። ለእሷ ግን የወንድሟ የመጨረሻ ዓመት እነሱ ናቸው።

አሁን ማዶው ሸገር ከተማ ተብሏል። ኬላው የለም፣ ባሕር ዛፉ ተቆርጧል፣ ድንጋዮቹ የማን ቤት መሠረት ውስጥ እንደገቡ እንጃ።

ይህን የጻፍኩት ለማስለቀስ አይደለም። በዚያ ዓመት ድንኳን ሳይተከልላቸው፣ ሰልስት ሳይቀመጡ፣ ማንም ሳይይዛቸው ዘመድ የቀበሩ ብዙ ሰዎች በመካከላችን አሉ። «ጊዜው ነው» ብለው ዋጥ አድርገውት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በሞባይል «ነፍስ ይማር» ብለናቸው ቀረን። ለቅሶ ጊዜው አልፏል አይባልም። የምታውቁት ሰው ካለ ሄዳችሁ ቤቱ ቁጭ በሉ፣ ስለ ሟቹ ጠይቁት፣ ያውራላችሁ። እኔ እሑድ የአጎቴ ልጆች ጋ ነኝ።

እማዬ ደህና ናት። ዛሬም መድኃኒቷን እኔ ነኝ የማደርሰው፣ አሁን እስከ ጓዳዋ ድረስ።