ከስንዴ የተጣላ ቤት

«ግሉተን ፍሪ» የሚባለውን ነገር አብዛኛው የአዲስ አበባ ልጅ የሚያውቀው ከአሜሪካ ለዕረፍት ከመጣ ዘመድ ነው። እንግዳው ገበታ ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦውን ወደ ጎን ሲገፋ እርስ በርስ እንተያያለን። «አመል አወጣ» እንላለን። አንዳንዴ እውነትም አመል ነው። እኛ ቤት ግን ቃሉ የገባው በሐኪም ወረቀት ላይ ተጽፎ ነው። የመጨረሻው ወንድማችን፣ በቤት ስሙ ማሙሽ፣ ሲሊያክ የሚባል በሽታ እንዳለበት ከታወቀ አራት ዓመት አለፈ። ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ ግን የአራት ዓመት ልጅ ቁመት ነው።

የሳይንሱን ነገር ባጭሩ እንገላገለው። ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው (ፈረንጆቹ ራይ በሚሉት እህልም ውስጥ አለ)። ሊጥ ሲሳብ ቶሎ እንዳይበጠስ፣ ዳቦ ሲጋገር እንዲነፋ የሚያደርገው እሱ ነው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተነስቶ ትንሹን አንጀት ይወጋዋል። አንጀት ውስጥ እንደ ምንጣፍ ፀጉር ቆመው ከምግብ የሚጠቅመውን የሚመጥጡ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ እነሱ ይተኛሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ ይበላል እንጂ አይጠቀምበትም። ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ደም ያንሰዋል፣ ዕድገቱ ይቆማል። አይተላለፍም፣ የሚውጡት መድኃኒትም የለውም። መድኃኒቱ አለመብላት ነው፤ ያውም ዕድሜ ልክ። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንድ ገደማ እንዳለበት ይገመታል፤ አብዛኛው ግን ሳያውቀው ይኖራል።

ማሙሽም ሳይታወቅ ቆይቷል። አንዱ ክሊኒክ አሜባ ነው አለን፣ ሌላው ጃርዲያ፣ ሦስተኛው ታይፎይድ። ለደም ማነሱ የብረት ሽሮፕ ተሰጠው፤ ጥርሱን አጠቆረው እንጂ ደሙን አላነሳውም። በዚህ ከተማ ሕፃን ልጅ ሆዱን ሲያመው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃው ነው፤ ጥርጣሬውም ብዙ ጊዜ ልክ ነውና ሰዎቹን አንፈርድባቸውም።

በመጨረሻ እማዬ ልጇን አቅፋ እንጦጦ ጸበል ወጣች። ሁለት ሳምንት ከርመው ነው የተመለሱት። የበሉት ሽምብራ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ አንዳንዴም ከቤት የተላከ እንጀራ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሆዱ ረጋ። ጉንጩ ላይ ቀለም ታየ። ሲወርዱ አክስታችን የእንኳን ደህና መጣችሁ ድፎ ዳቦ ደፍታ ጠበቀቻቸው፤ ሰፈሩም ተሰብስቦ በላ። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ነበረበት ተመለሰ። አክስታችን «ሱባኤውን ሳይጨርስ አወረዳችሁት» ብላ እስከ ዛሬ ታዝንብናለች።

አሁን ወደ ኔዘርላንድስ ልንወስዳችሁ ነው፤ ምክንያት አለን። ቪለም ዲከ የሚባል የሕፃናት ሐኪም በ1930ዎቹ (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አንዳንድ ሕፃናትን የሚያሳምማቸው ስንዴ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መጠርጠር ጀምሮ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት አገሩ ተራበ፤ ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሕዝብ ሲከሳ የዲከ ሕመምተኛ ሕፃናት ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ በሽታቸውም ተመለሰ። ዲከ ሐሳቡን በ1950 የዶክትሬት ጥናቱ አድርጎ አቀረበው። የሱ የረሃብ ክረምት ለኛ የእንጦጦ ሁለት ሳምንት ነበር ማለት ነው።

ይህን ያገናኘችው አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ሌሎቹ ያልጠየቁትን ጠየቀች፦ «ጸበል ላይ እያለ ምን ነበር የሚበላው?» እማዬ ስትዘረዝርላት ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የደም ናሙናው ለምርመራ ውጭ አገር ተልኮ ተመለሰ፣ ቀጥሎ በኢንዶስኮፒ ከአንጀቱ ትንሽ ቁራጭ ተወሰደ፣ ውጤቱ መጣ። እማዬ «ሐኪሟን ያገናኘችኝ ኪዳነ ምሕረት ናት» ትላለች። እኛም በዚህ አንከራከራትም።

በሽታው በዘር ስለሚሄድ የቀረነውም እንድንመረመር ታዘዝን። ከእኛ አንዱ፣ አንድም ቀን ሆዴን ብሎ የማያውቀው፣ ውጤቱ «አለ» ሆኖ መጣ። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ድራፍት የሚወድ ነው ካልን ይበቃል። ቢራ የገብስ ብቅል ነው፤ ጠላም ያለ ብቅል የለም። ጠጅ ግን ማርና ጌሾ ነው። ተመስገን ብሎ ወደ ጠጅ ዞሯል።

ሐኪሟ ወረቀቱን ስትሰጠን «ደግነቱ የጤፍ አገር ነው የተወለደው» አለችን። እውነቷን ነው። በ2005 የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዐሥራ አራት የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ሲሊያክ ያለበትን ሰው የሚጎዳው ዓይነት ግሉተን እንዳላገኙባቸው ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ጤፍ በፈረንጅ አገር ሱፐርማርኬት የክብር ቦታ አገኘ። ክብሩ ጣጣም ነበረው። በ2007 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በአውሮፓ ፓተንት አስመዘገበ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፣ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ዞሮ ኖረ። የሔግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ነው። አያቶቻችን ሲያቦኩት የኖሩት ሊጥ የማን ፈጠራ እንደሆነ ለማወቅ ዳኛ አስፈለገ።

እና የጤፍ አገር ልጅ ምን ቸገረው? እኛም እንዲህ አልን። ቤታችን ጠዋት ዳቦ፣ ማታ እንጀራ ይበላል፤ ዳቦውን መተው ነው፣ አለቀ። አላለቀም። ጤፍ በኩንታል ከዐሥር ሺህ ብር በላይ ሆኖ ሳለ ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ ንጹሕ ጤፍ ነው ብሎ የሚምል ሰው እናደንቃለን። ሩዝ ይቀላቀላል፤ ሩዝ ለማሙሽ ችግር የለውም። ማሽላ ይቀላቀላል፤ እሱም አይጎዳውም። ገብስና ስንዴ ሲቀላቀል ግን በዓይን አይለይም፣ ጋጋሪዋም አትነግርም። ኑሮ ነው። ስለዚህ የሱቅ እንጀራ ቀረ፤ እማዬ ከስንት ዓመት በኋላ ምጣዷን አወረደች።

እንጀራው ቤት ተጋገረ፤ ማሙሽ ግን አልዳነም። ያኔ ነው ወፍጮ ቤቱ የታሰበን። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ባለወፍጮው ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ነው። ለብቻው የጤፍ ማሽን አለ፣ እውነት ነው፤ ግን ከኛ በፊት የተሰለፈችው ሴትዮ ጤፏን ከገብስ ጋር ደባልቃ አምጥታ እዚያው ማሽን ላይ ታስፈጫለች። ድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ከኛ ጤፍ ጋር ይወርዳል። «ከግሉተን ነፃ» ለሚባል ምግብ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የሚፈቅደው በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። ሃያ ሚሊግራም እፍኝ አይደለም፣ ቁንጥር አይደለም፤ ባለወፍጮው ቅንድብ ላይ ያለው ሳይበልጥ አይቀርም።

መላው እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ጤፉ ከሾላ ገበያ ይገዛል። ቤት ውስጥ በደቃቅ ወንፊት ይነፋል፦ ጤፍ ከእህል ሁሉ ትንሹ ስለሆነ እሱ ሲወርድ ሾልኮ የገባ የስንዴና የገብስ ፍሬ ላይ ይቀራል። ሰኞ ጠዋት፣ ማሽኑ ማታ ተጠርጎ ካደረ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ተራ እንይዛለን። መጀመሪያ አምስት ኪሎ ጤፍ ለድንጋዩ ማጠቢያ ይፈጫል፤ እሱ ለማሙሽ አይሆንም። እማዬ ይህን ዱቄት መድፋት አይሆንላትም፤ ለጎረቤት ይሄዳል፣ ጎረቤቶቻችንም ሰኞን ወደዋታል። ከዚያ የኛ ይፈጫል። ባለወፍጮው መጀመሪያ ላይ ምትሃት የምንሠራ መስሎት ነበር። አሁን ወረፋ የሚጋፋ ሲመጣ «ተው፣ የልጁ ነው» የሚለው እሱ ነው።

ትልቁ ክርክር ግን ገበታው ላይ ነበር። ለማሙሽ ለብቻው ሳህን፣ ለብቻው ማንኪያ፣ ለብቻው ጥግ ይሰጠው? ምግቡን መለየት ቀላል ነው። እኛ ግን ያደግነው አንድ ትሪ ላይ ነው። ዳቦ የነካ እጅ ትሪውን ይነካል፣ ያ እጅ ይጎርሳል፣ ያ እጅ ያጎርሳል። ጉርሻ የማይቀበል ልጅ ደግሞ እኛ አገር የታመመ አይባልም፤ የኮራ ነው የሚባለው። ሦስት ሳምንት ለብቻው ሲበላ አየነው። ቶሎ ይጨርስና ከገበታው ዳር ቆሞ እጃችንን ያያል። በአራተኛው ሳምንት አባዬ የዱቄት ጣሳውን፣ የፓስታውን ካርቶን፣ የበሶውን እቃ ሰብስቦ ለአክስታችን ላከ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንዴ እኛ ቤት አይገባም፤ ትሪው አንድ ነው፣ ማንም ማንንም ያጎርሳል። ዳቦ እንደ ሲጋራ ውጭ የሚጨረስ ነገር ሆነ። መገናኛ ታክሲ እየጠበቅን አንድ አንድ ሳምቡሳ እንበላለን፣ አፋችንን ጠርገን፣ በር ላይ እጃችንን ታጥበን እንገባለን።

ወጪውን አንሸሽግም። ሩዝ፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ቡላ ቤቱን ይደግፉታል፤ ቆጮ ደግሞ ባለውለታችን ነው። ሰው ከቤት ውጭ ሊጋብዘን ሲል ክትፎ ቤት እንመርጣለን፤ ሰውየው ኪሱ ቢደነግጥም ቆጮና አይብ ለማሙሽ አያሰጋም። የተጠበሰ ድንች የዋህ ይመስላል፤ ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ከሆነ ግን የዋህ አይደለም።

ትምህርት ቤት ሌላ ዓለም ነው። ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ይከፍቱና ሁሉም ከሁሉም ይበላል። ማሙሽ ከማንም አይቀምስም፤ ሳምንት ሳይሞላ ስስታም የሚል ስም ወጣለት። እማዬ ምሳ ዕቃውን በትልቅ ቀየረችው። አሁን አምባሻ የሚያህል የበቆሎ ቂጣ በቅቤና በበርበሬ ተቀብቶ ይሄዳል። እሱ የራሱን ለይቶ ያስቀምጥና የቀረውን ለጓደኞቹ ያድላል። አይቀበልም፣ ግን ይሰጣል። ስስታም የሚለው ስም ጠፋ።

ቡሄ መጣ። ነሐሴ ውስጥ የሰፈሩ ልጆች ዱላ ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ደጃፍ ለደጃፍ ሲዞሩ የጥንቱ ደመወዝ ሙልሙል ነው፤ እሱም ዳቦ። ማሙሽን እንዳይሄድ መከልከል አልሆነልንም፤ ሂድ ማለትም ፈራን። እሱ ራሱ መላውን አመጣ። ለጓደኞቹ «ዳቦውን እናንተ ያዙ፣ እኔ ገንዘብ ያዥ ልሁን» አላቸው። በዘመኑ ሙልሙል የሚጋግር ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ ብዙው ብር ስለሚሰጥ፣ ወንድማችን የቡድኑ ባለሥልጣን ሆኖ ነው የተመለሰው። ብር ግሉተን የለውም።

የአውደ ዓመቱ ድፎ ዳቦ ገና አልተሸነፈም። እማዬ ጤፍና በቆሎ ቀላቅላ፣ እንዲያያዝላት የተልባ ውሃ ጨምራ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ትደፋለች። ሽታው ልክ ነው። ሲቆረስ ግን ይፈረፈራል፤ አባዬ ባርኮ ሊቆርስ ቢላውን ሲያሳርፍ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ስለ ቅዱስ ቁርባኑ ትጠይቁን ይሆናል፤ ኅብስቱ ከስንዴ ነውና። እሱ በእማዬና በንስሐ አባቷ መካከል ያለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አናወራውም።

ባለፈው ሳምንት ከግቢያችን ጀርባ ያሉት እትዬ የልጅ ልጃቸውን እያስከተሉ መጡ። የማሙሽን ቁመት አይተው ነው። ልጁ እንደ ያኔው ማሙሽ ሆዱ ተነፍቷል፣ ክንዱ ቀጥኗል። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ ልከልክለው?» አሉን። አይሆንም አልናቸው፦ ስንዴውን ካቆመ የደም ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ይወጣና በሽታው ቢኖርም ላይታይ ይችላል። መጀመሪያ እየበላ ይመርመር። ደግሞ አሜባም ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም የተነፋ ሆድ የማሙሽ አይደለም። እትዬ «ልጁን የሚያሳምመውን አብሉት ትሉኛላችሁ!» ብለው ተቆጥተው ወጡ። ማታ ተመልሰው የሐኪሟን ስልክ ወሰዱ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። እስከዚያ ልጁ ጠዋት ጠዋት ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል፤ ማሙሽ በአጥሩ ቀዳዳ ያየዋል።