አዋሽ ላይ መውረድ

ከአዲስ አበባው የለቡ ባቡር ጣቢያ ወደ ድሬዳዋ ትኬት የሚቆርጥ ሰው የሚገዛው ሁለት ነገር ነው። አንዱ መንገዱ ነው። ሌላው በዚያ ቀን፣ በዚያ ባቡር፣ ቁጥሩ በተጻፈ ፉርጎ ውስጥ ያለ አንድ መቀመጫ ነው። ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ታትመው ስለሚመጡ ሰው ለይቶ አያያቸውም። እኔም ለይቼ ያየኋቸው አዋሽ ወርጄ ለማደር ባሰብኩ ጊዜ ነው።

«እህቴ፣ አዋሽ ወርጄ በሚቀጥለው ባቡር ድሬ ብገባስ?» አልኳት ትኬት ቆራጯን።

«እሱማ ሁለት ትኬት ነው የሚሆነው። አንዱ እስከ አዋሽ፣ ሌላው ከአዋሽ ድሬዳዋ» አለችኝ፤ ቀጥላም «ባቡሩ ነገ ተመላሽ ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው ከነገ ወዲያ ነው» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

በዚያ ሰሞን ባቡሩ አንድ ቀን ይወርዳል፣ በማግስቱ ይመለሳል። እንግዲህ አዋሽን ላያት የፈለግሁ ሰው ሁለት ሌሊት አድሬ፣ ሌላ ትኬት ቆርጬ፣ ሌላ መቀመጫ መያዝ አለብኝ ማለት ነው። ቆረጥኩ።

የለቡ ጣቢያ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ይሁን እንጂ ለክፍለ ከተማው ሰው እንኳ ቅርብ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር በጎተራና በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ይወርዳል፤ ለቡ አይደርስም። ስለዚህ ከሐዲድ ወደ ሐዲድ ለመሸጋገር መሐል ላይ ታክሲ ያስፈልጋል። የከተማው ባቡር ትኬት ግን አንድ ነገር ያስተምራል። ሲጀምር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ መቀመጫ የሚባል ነገር አልተጻፈበትም። የሚሸጠው መንገድ ብቻ ነው። የለቡው ከዚህ የሚለየው መቀመጫውን ከመንገዱ ጋር አንድ ላይ በማሰሩ ነው።

ጃፓኖች ይህን ለይተውታል። በፈጣን ባቡር የሚሄድ ሰው የመንገዱን ዋጋ ለብቻ፣ የባቡሩንና የመቀመጫውን ለብቻ ይከፍላል። የመንገዱ ትኬት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ፣ በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ካለው ክልል በቀር፣ ቀኑ እስካላለፈ ድረስ መሐል ላይ ወርዶ ከተማ አይቶ፣ ተመልሶ ወደፊት መቀጠል ይፈቀዳል። ሕንድም ረጅም ትኬት የያዘ መንገደኛ መሐል ላይ ወርዶ እንዲያርፍ የሚፈቅድ ደንብ አላት።

እኛ ዘንድስ? ማረፍ ለእኛ ባቡር አዲስ ነገር አይደለም። የድሮው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አንዱ ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላው አዋሽ ይታደራል። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። አዋሽ ሰባትም ከተማ የሆነችው ሐዲዱ ስላለፈባት፣ መንገደኛም ስላደረባት ነው። በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን የመጡ የውጭ እንግዶች ከጅቡቲ ሽቅብ የወጡት በዚሁ መንገድ ነው።

የዛሬው ባቡር ጠዋት ከለቡ ተነሥቶ እስከ አዳማ በጥንድ ሐዲድ ይሮጣል። ቢሾፍቱን፣ ሞጆን አልፎ አዳማን ሲለቅ ሐዲዱ አንድ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የሚመጣ ባቡር ሲኖር አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ይህ መቆም ከመንገደኛ መውረድና መውጣት ጋር ግንኙነት የለውም። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ይህን ሲያዩ የድሮውን አስታወሱ፤ ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ሴቶች በመስኮት ምግብና ፍራፍሬ ያቀብሉ እንደነበር ነገሩኝ። «አሁን ልጄ፣ ጣቢያው ከከተማው ራቀ፤ ማን ያቀብልሃል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አዲሶቹ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከከተማ ውጭ ናቸው፤ የድሬዳዋው እንኳ ከመሐል ከተማው ርቆ ነው የተሠራው። ያ ርቀት ከትኬቱ ደንብ በላይ ሰውን ከመውረድ ያስቀራል ብዬ አምናለሁ።

መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይታያል፤ ባሻገር የፈንታሌ ተራራ ቆሟል። ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መንገድም ሐዲድም አስቸግሯል። እኔ ይህን ክፍል ከመስኮት ዓይኔን ሳልነቅል ነው ያለፍኩት። ከፍታው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ከለቡ ብርድ የተነሣ ሰው እዚህ ሲደርስ ካፖርቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጓል።

አዋሽ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። በባጃጅ ወደ ከተማው ገባሁና ቡፌ ደ አዋሽ አደርኩ፤ ለባቡር መንገደኞች ማደሪያ ተብሎ ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ የተሠራው ሆቴል ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠባቡን የድሮ ሐዲድ ማየት ይቻላል፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር። ጊዜ ስለነበረኝ በማግስቱ የአዋሽ ወንዝ ገደሉን ሰንጥቆ የሚያልፍበትን አየሁ። በአንድ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ድሬዳዋ መድረስ ይህን ሁሉ ያሳጣል።

ነገሩ የጎብኚ ቅምጥልነት እንዳይመስል አዋሽን በሌላ ዓይን ማየት ይገባል። ከዚህ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ከአዲስ አበባ–ጅቡቲው ጋር የሚገናኘው እዚሁ ነው። ያ መስመር መንገደኛ መጫን የጀመረ ዕለት ከለቡ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ዘመዱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አዋሽ ላይ ወርዶ ባቡር መለወጡ፣ ምናልባትም ማደሩ ግድ ይሆናል። ያን ጊዜ ትኬቱ እስከ ኮምቦልቻ አንድ ይሆናል ወይስ ሁለት? የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው የተከፈለበት መንገድ አብሮ ይሞታል ወይስ በማግስቱ ይሠራል? ይህ ደንብ አሁን፣ ሐዲዱ ከመከፈቱ በፊት ተጽፎ በትኬቱ ጀርባ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ መታተም አለበት። የመንገዱ ዋጋ ለብቻ ይቆረጥ፤ ለጥቂት ቀናት ይሥራ። መቀመጫው ለየባቡሩ ይያዝ። መንገደኛው አዋሽ ያድር ወይም አያድር፣ እሱ ይወስን።