እዚህ አይታይም

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ፣ አንድ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ የተነገረኝ ቃል ሁለት ነበር፦ «እዚህ አይታይም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ፈረስ ቤት አጠገብ ካላቸው ማሳ አንድ ጥማድ የምታህለውን ለዘመድ ልጅ በቃል ሰጡት፤ ሁለት ዓመት አርሶ እንዲመልስ። እሱ ግን ለሌላ ሰው አከራይቷት አዲስ አበባ ገባ። እኔም እዚሁ ነኝ። ድሮ ለሌላ ጉዳይ የሰጡኝ ውክልና እጄ ላይ አለ። አባባ ደጋ ላይ በብርድ ለቀጠሮ ከሚመላለሱ እኔ ልጨርሰው ብዬ፣ ሳልነግራቸው ክስ አዘጋጀሁ።

አላየሁትም እንጂ ሕጉ ግልጽ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 19 ተከሳሽ በሚኖርበት ቦታ ይከሰስ ይላል። እኔ ያነበብኩት እስከዚያ ነው። አንቀጽ 25 ላይ ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ ባለበት ቦታ ይታያል። መሬት አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ አይመጣም፣ በቃ።

በዚያ ሰሞን ስለ ዳኝነት ሥልጣን የማላነበው ነገር አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ የክፍለ ግዛትና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች ናቸው። የተለያየ ክፍለ ግዛት ሰዎች በክፍለ ግዛት ሕግ ተካሰው ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመግባት የሚከራከሩበት ገንዘብ ከ75,000 ዶላር መብለጥ አለበት። እኛ ዘንድ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ላይ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትንም ሥራ ደርቦ እንዲሠራ ያደርጋል። ፍኖተ ሰላም ያለው ዳኛ አንድ ወንበር ላይ ሆኖ ሁለት ካባ ይለብሳል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን በሁለቱም አገር ይመሳሰላል። የቦታ ጥያቄ በጊዜ ካልተነሣ ያልፋል፤ የሥረ ነገር ሥልጣን ግን በማንኛውም ጊዜ ሊነሣ ይችላል። ሥልጣን የሌለው ዳኛ ቢፈርድም ፍርዱ ይናዳል።

መጨረሻ ላይ ፈረስ ቤት ሄድኩና ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም አሉ። ቆይተው፣

«አንት ልጅ፣ ማሳው እዚህ፣ ድንበሩን የሚያውቀው ጎረቤት እዚህ፣ እኔም እዚህ ነኝ። አዲስ አበባ ማን ሊመሰክርልህ ነበር?»

«እንዳይደክሙ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ድካሙስ ድካም ነው። ግን የወንድሜን ልጅ በስሜ ስትከስ፣ ቀድሞ እኔን መጠየቅ አልነበረብህም?»

መልስ አልነበረኝም። ውክልና ነበረኝ፤ ወረቀቱ ትክክል ነው፣ ማኅተሙም አለ። በዚያ ጉዳይ ላይ ግን ሥልጣን አልነበረኝም። የቤተሰብ ጠብ ነበር፤ ጠቡ የሳቸው ነበር።

በማግሥቱ አባባ መጀመሪያ ሽማግሌ ላኩ። ካልሆነ ወረዳ ፍርድ ቤቱ ከቤታቸው በእግር የሚደረስ ነው። ክሱን እኔ እጽፋለሁ፤ ይሁን የሚሉት ግን እሳቸው ናቸው።