አባቱ በሕይወት አለ

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ይህም አነጋገር ሕዝባችን ለፍርድ ያለውን ክብር ያሳያል። ነገር ግን በሕግ አምላክ ተብሎ ሁሉም በቆመ ጊዜ የማይቆም አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሕፃን ረኃብ ነው። ዛሬ ልንጽፍላችሁ ያሰብነው ስለዚሁ ነው፤ የምንጽፈውም ሌላውን በመውቀስ ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ጀምረን ነው።

እኛ የሕግ ሊቅ አይደለንም። እስከ 1983 ዓ.ም. በውትድርና አገልግለን በሐምሳ አለቃነት ማዕርግ የተሰናበትን፥ ሥራችንም ከጠመንጃው ይልቅ ከመዝገቡ ጋር የነበረ ሰው ነን። በክፍላችን የደመወዝ ጸሐፊ ነበርን። በዚያን ጊዜ በግንባር ያለው ወታደር ለቤተሰቡ የሚሆነውን ከደመወዙ ላይ ያስቆርጥ ነበር፤ ይህም ተቆራጭ ይባላል። ባልየው በምሽግ ውስጥ ሳለ ሚስቲቱ በደጀን ከተማ ሆና በወሩ መጨረሻ ፈርማ ትቀበላለች። ጦርነት ነበረ፤ መንገድ ይዘጋ፥ ሰውም ይሞት ነበር፤ ሆኖም ተቆራጩ አንድ ሳምንት የዘገየ እንደ ሆነ አለቆቻችን እንቅልፍ አያስተኙንም ነበር፤ ልጁ መብላቱን ያላወቀ ወታደር ልቡ ከምሽጉ ውስጥ እንደማይገኝ ያውቁ ነበርና።

ከሠራዊቱ ከተሰናበትን በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን በሒሳብ ሥራ ኑሮአችንን መራን። የሰፈራችን ሰዎችም አምነው በመጀመሪያ የእድሩን፥ ቀጥሎም ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች የሚረዳ የአንድ አነስተኛ በጎ አድራጎት ማኅበር ገንዘብ ያዥነት ሰጡን። እኛም ወታደር ነንና ደንብ ማለት ደንብ ነው ብለን አንዲት ሳንቲም ሳትቀር በደረሰኝ እንይዝ ነበር። ኦዲተር በመጣ ቁጥር መዝገባችን ይመሰገን ነበር። ኩራታችን ይህ ነበር፤ ጥፋታችንም ከዚሁ መጣ።

በ2003 ዓ.ም. በመስከረም ወር አንዲት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት የ11 ዓመት ልጅዋን ይዛ ወደ ቢሮአችን መጣች። ወንበር ሰጥተን አስቀመጥናት። ከባልዋ በፍርድ ተለያይታለች፤ አባትየው ለልጁ በየወሩ ቀለብ እንዲከፍል የሚያዝ ውሳኔም በእጅዋ አለ። «ጋሼ፥ ወረቀቱ አለ፤ ብሩ ግን የለም» አለችን። አባትየው ደመወዝተኛ ነው፤ ነገር ግን ውሳኔው እንዲፈጸም ሌላ የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈትና ሌላ ቀጠሮ መጠበቅ ነበረባት፤ በዚያም ላይ መደበኛዎቹ ችሎቶች ለዓመቱ ዕረፍት ተዘግተው ነበር። የትምህርት ቤት ምዝገባ ግን ችሎት እስኪከፈት አይጠብቅም። የለመነችን የደብተርና የደንብ ልብስ ዋጋ ብቻ ነበር።

እኛም የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ገልጠን አየን። «አባት ወይም እናት የሞተበት ልጅ» ይላል። ስለዚህ በአመልካቾች መዝገብ ላይ በልጁ ስም ፊት «አባቱ በሕይወት አለ» ብለን ጽፈን፥ ከሥሩ አሥምረን ዘጋነው። ሴቲቱም አመስግና ሄደች። ያመሰገነችን ስለ ወንበሩ መሆን አለበት።

ከ6 ዓመት በኋላ በአንድ ታክሲ ተሳፍረን ሳለ ሒሳብ ለመክፈል እጃችንን ብንዘረጋ ረዳቱ አልቀበልም አለን። «እርስዎ አይከፍሉም፥ አባባ። ያን ጊዜ እናቴን ወንበር ሰጥተው ያስቀመጧት እርስዎ ነዎት» አለ። ስለ ትምህርቱ ብንጠይቀው በዚያው ዓመት እንዳቋረጠ ነገረን። በዕድሜያችን ብዙ አይተናል፤ እንደዚያች የታክሲ ሒሳብ የከበደን ዕዳ ግን የለም። መዝገባችን ትክክል ነበር፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም፤ የጎደለው ልጁ ነበር።

ከዚያም ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ለማድረግ ተነሣን። አንደኛው በማኅበራችን ውስጥ ነው። ደንቡ እንዲሻሻል ጠቅላላ ጉባኤውን ጠየቅን፤ ወላጁ በሕይወት ሳለ ቀለቡ ያልደረሰው ልጅም እንዲረዳ ተፈቀደ። ነገር ግን ገንዘቡን በስጦታ ሳይሆን በብድር መዘገብነው፤ ማኅበሩ ለልጁ ያበድራል፥ የአባትየው ቀለብ የገባ ጊዜ ይመለሳል። ኦዲተሩ «ይህ ተሰብሳቢ ሒሳብ ከማን የሚሰበሰብ ነው?» ብሎ ቢጠይቀን «ከአባት» አልነው። እርግጥ እስከ ዛሬ ሁሉም አልተመለሰም። ቢሆንም ዕዳው የማን እንደ ሆነ መጻፍ አለበት፤ በምጽዋት የተሸፈነ ዕዳ ባለዕዳውን ያዘናጋልና።

ሁለተኛው ድምፃችንን ማሰማት ነው። ይህ ግን ወዲያው አልሆነልንም፤ ምክንያቱም ከራሳችን የገቢ መዝገብ ውስጥ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኝ ማኅበር ስለ ሕፃናት መብት እንዳይሟገት ይከለክል ነበር፤ የእኛም ማኅበር ከውጭ ለጋሾች የሚያገኘው ከዚህ ልክ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ለልጁ ዳቦ መስጠት ተፈቅዶልን፥ ዳቦው ለምን እንደ ጠፋ መናገር ተከልክሎብን ቆየን። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያን ገደብ ካስቀረው በኋላ ነው ማመልከቻችንን ይዘን በየባለሥልጣኑ ቢሮ ደጅ መጥናት የጀመርነው።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ሕጉ ክፉ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ጥያቄ የሚቀርበው ለሽማግሌዎች ነበር፤ በአዲስ አበባ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 213፥ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ዳኛው ባልና ሚስቱ እንዲታረቁ ይመክራል፤ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። ነገር ግን በልጆች አያያዝና ቀለብ ላይ ወዲያውኑ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያው አንቀጽ 82 ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ጥቅም እንዲቀድም ይደነግጋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም ይህንኑ መሠረት አድርጎ፥ አንድ ልጅ ካሳደገችው አክስቱ ተወስዶ ለአባቱ ይሰጥ የተባለውን ፍርድ በ2000 ዓ.ም. ሽሮታል። እንግዲህ ሕጉ ሕፃኑን ያውቀዋል፤ የማያውቀው ቀጠሮው ነው።

ስለዚህ የምንለምነው የአሠራር መሻሻልን ነው፤ እርሱም ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የልጁ የቀለብ ትእዛዝ ሌላው ክርክር ሳይጀመር በመጀመሪያው ቀጠሮ ይሰጥ። ሁለተኛ፥ ትእዛዙ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በቀጥታ ወደ አሠሪው ሒሳብ ክፍል ይሂድ፤ እናቲቱ ለአፈጻጸም አዲስ መዝገብ ልትከፍት አትገደድ። የሠራተኛው ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዝ መቁረጥን ይፈቅዳል፤ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሦ እንዳይበልጥ ወስኗል። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። በምሽግ ካለ ሰው ደመወዝ ተቆራጭን ለልጁ ማድረስ ከተቻለ፥ በሰላም አገር በአንድ ከተማ ውስጥ ለምን አይቻልም?

ሦስተኛው የአባቶች ነገር ነው። ወደ እኛ የሚመጡት እናቶች ብቻ አይደሉም። የ2 ዓመት የቀለብ ደረሰኝ በኪሱ ይዞ፥ ልጁን ግን ከበዓል እስከ በዓል ያላየ አባት በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ አልቅሶብናል። ስለ እርሱ ዝም ያልን እንደ ሆነ መዝገባችን በአንድ በኩል ብቻ የተጻፈ ይሆናል። ስለዚህ የመጠየቂያው ቀንና ሰዓት እንደ ብሩ ልክ በትእዛዙ ላይ በግልጥ ይጻፍ፤ መፈጸሙም እንደ ብሩ ይቆጠር እንላለን። ሆኖም አባት ብሩን ልጁን ለማየት እንደ መግቢያ ዋጋ፥ እናትም ልጁን ብሩን ለማስከፈል እንደ መያዣ ሊያደርጉት አይገባም።

ይህ ሁሉ ቢፈጸም እንኳ የማይደርስለት ልጅ እንዳለ አንሰውርም። በቀን ሥራ የሚኖር አባት የደመወዝ መዝገብ የለውም፤ ካልያዘው ሊቆረጥበት አይችልም። ለእንዲህ ያለው ልጅ የጎረቤትና የማኅበር እጅ ያስፈልገዋል፤ እኛም ያቺን የብድር ሒሳብ ያልዘጋናት ለዚህ ነው። ደጅ ከጠናንባቸውም ሰዎች አንዳንዱ ያዳምጠናል፥ አንዳንዱ ሌላ ቀን ተመለሱ ይለናል። ወታደር መጠበቅ ያውቃልና እንመለሳለን።

እናንተም በየቤታችሁ የምታደርጉት አለ። ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ትዳሩ ቢናጋ፥ የንስሐ አባትም ሽማግሌም ተቀምጠው እርቅ ይሞክሩ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ጥፋቱና ስለ ንብረቱ ከመነጋገር አስቀድማችሁ፥ በዚያኑ ዕለት፥ ልጁ በዚህ ወር በማን እጅ ይበላል የሚለውን በወረቀት አስፍራችሁ ሁለቱንም አስፈርሙ። እርቁ ቢዘገይ ልጁ አይዘገይበትም።

ያ የ2003 ዓ.ም. መዝገብ ዛሬም በሣጥናችን ውስጥ አለ። «አባቱ በሕይወት አለ» የሚለውን ቃል አልሰረዝነውም፤ እውነት ነውና። ከአጠገቡ ግን በሌላ ቀለም «እንግዲያስ ይጠየቅ፤ እስኪጠየቅም ልጁ ይብላ» ብለን ጨመርንበት።