ባዳው ጥርሴ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ ሆድ እያረረ ይስቃልና። የእኔ ግን የምር ባዳ ሆኗል። አራቱ የላይኛ የፊት ጥርሶቼ የቆሙት በሁለት የቲታኒየም ብሎኖች ላይ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ብሮኔማርክ ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ደርሶበት፣ በ1965 እ.ኤ.አ. በሰው መንጋጋ ላይ ተክሎታል። የእኔ አጥንት ግን እንግዳውን የወደደው አይመስልም። ሰሞኑን ድዴ አብጦ ይደማል። ሐኪሙ ራጁን አየና፣ «ጋሼ፣ ዙሪያው ያለው አጥንት እየተመናመነ ነው። ሕክምናው ካልያዘልን አውጥተን የሚወልቅ ጥርስ እናስባለን» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቆሎው ይቅር፤ ቁርጡም ይቅር። ግን ጥርሴን ማታ ማታ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ካሳደርኩት «ፈ»ን በምን ላወጣት ነው? ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰውዬ «ፊደል» ማለት ሊያቅተኝ!

እናቴ ትዝ አለችኝ። በስተርጅናዋ አንድም የፊት ጥርስ አልነበራትም፤ ስትስቅ ግን አፏን በእጇ ሸፍና አታውቅም። እኔ ሳልወልቅ በፊት፣ ይኸው ሳምንት ሙሉ ቤተሰቤን የማነጋግረው አፌን ጋርጄ ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ የሚለውን ይበል። ዛሬ እራት ላይ ልጄ ቀልድ ስታወራ፣ እጄን አውርጄ ሳቅሁ።