የማዕድ ትምህርት

ምክር መስማት ቀላል ነው፤ የምክሩ ትርጕም የሚገለጠው ግን ሰው በተፈተነበት ቀን ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ታሪክ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፥ በኮልፌ ተጀምሯል።

በ1954 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ ኔልሰን ማንዴላ፥ ከደቡብ አፍሪካ በስውር ወጥተው ልዩ ልዩ የአፍሪካን አገሮች ከጐበኙ በኋላ፥ የጦር ትምህርት ለመማር በኮልፌ ወደ ነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር መጡ። ዕድሜያቸው ወደ 44 ዓመት የተጠጋ፥ ሙያቸው ጥብቅና፥ ሥራቸውም የሕዝብ መሪነት ነበረ። ይሁን እንጂ በዚያ ሰፈር እንደ ጀማሪ ተማሪ ሆነው፥ ከጧቱ 2 ሰዓት ጀምረው ተኵስን፥ ፈንጂ ማፈንዳትን፥ መሣሪያ ተሸክሞ መጓዝን ይማሩ ነበር። ከ10 ሰዓት በኋላም ያን ጊዜ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ የጦር ጥበብ ያስተምሯቸው ነበር።

አንድ ማታ በማዕድ ላይ ሳሉ ኮሎኔሉ ስለ አዛዥነት መከሯቸው። አዛዥ በሥራ ላይ ሥልጣኑን ያሳይ፤ ከሥራ ውጭ ግን ከተራው ወታደር ጋራ እኩል ሆኖ የሚበሉትን ይብላ፥ የሚጠጡትን ይጠጣ፥ ራሱን አይለይ አሏቸው። ይህን ሲናገሩ አንድ የበታች ሹም ገብቶ ስለ አንድ መቶ አለቃ ጠየቀ። ኮሎኔሉም ከትልቅ እንግዳ ጋራ በምግብ ላይ ሳሉ በመግባቱ ተቈጥተው አስወጡት፤ ወዲያውም ስለ እኩልነት የጀመሩትን ምክር ቀጠሉ። ይህን ማንዴላ በ1987 ዓ.ም. በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል።

ቸኵሎ የሚፈርድ ሰው ይህን ቢያይ መምህሩን ነቅፎ ምክሩንም አብሮ በጣለው ነበር። አስተዋይ ተማሪ ግን ገለባውን ለነፋስ ትቶ ፍሬውን ወደ ጐተራ ያስገባል።

ትምህርቱ ለ6 ወር ታስቦ ሳለ ሳይፈጸም ከአገር ጥሪ መጣ። ማንዴላም ተመልሰው ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። በፕሪቶሪያ ወኅኒ ለጥቍር እስረኛ የሚሰጠውን ቍምጣ ሱሪና የቀዘቀዘ ገንፎ አልቀበልም ቢሉ፥ ረዥም ሱሪና የተለየ ምግብ ተፈቀደላቸው፤ ዋጋው ግን ለብቻ መታሰር ሆነ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ረዥሙን ሱሪ መልሰው ከወንድሞቻቸው ጋራ መሆንን መረጡ። የሚበሉትን ይብላ የተባለው ቃል ፍቺው እዚህ ላይ ተገኘ፤ ይኸውም የተለየ ማዕድ ክብር መስሎ የሚመጣ እስር ቤት መሆኑ ነው።

አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ወርቁ የሚፈስበት ቦታ የሚገኘው ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ነው። በኮልፌ የተነገረው ቃል ሰም ነበረ፤ ወኅኒው እሳት ሆነው። መምህሩ ግን የዘሩትን አላጨዱም፤ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገድለዋልና፥ ተማሪያቸው ከ27 ዓመት እስር በኋላ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ሲፈቱ አላዩም።

እንግዲህ የሚሰማ ሰው በመምህሩ ድካም ምክንያት እውነትን አይጣል። የሚያስተምርም፥ ይልቁንም በዐውደ ምሕረት ቆሞ ስለ ትሕትና የሚሰብክ፥ ቃሉ በአፉ ሳለ በደጅ የቆመውን ታናሽ ሰው ይመልከት፤ የትምህርቱ ፈታኝ እርሱ ነውና።